የቦርድ አባላት የስብሰባ ሰነዱን ለቻትቦት እየሰጡት ነው፤ ልከልክል ወይስ ደንብ ላውጣ?

ጸሐፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ መካከለኛ ኩባንያ የቦርድ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራው ላይ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ገጥሞኝ ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ ከርሟል፤ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ የቦርድ አባል እጃቸውን አውጥተው «የመጋዘን ክምችታችን ለሦስት ተከታታይ ሩብ ዓመታት እንደቀነሰ ሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ ማኔጅመንቱ ለምን ማብራሪያ አልሰጠበትም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ ሰነዱ እንደዚያ አይልም። የፋይናንስ ኃላፊው ገጽ እያገላበጡ ፈለጉ፣ እኔም ፈለግኩ፣ የለም። ክምችቱ የቀነሰው አንዴ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሁለት ሩብ ዓመታት እንዲያውም ጨምሯል። ሰብሳቢው በዘዴ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

በእረፍት ሰዓት ሰውየው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። 340 ገጽ አንብበው መጨረስ ስላልቻሉ ሰነዱን እንዳለ ስልካቸው ላይ ባለው ነጻ ቻትቦት ጭነው «ዋና ዋናውን ንገረኝ፣ ልጠይቅ የሚገባኝንም ጥያቄ አውጣልኝ» ብለውታል። ያ ሰነድ ውስጥ እኮ ሌላ ኩባንያ ለመግዛት የጀመርነው፣ ለማንም ያልተነገረ ድርድር አለ!

ከዚያ በኋላ ጨዋታ አስመስዬ ሌሎቹንም ጠየቅኳቸው። ከዘጠኙ አራቱ ያደርጉታል። አንዷ ደግሞ በኦንላይን ስብሰባ ላይ ራሱ ገብቶ ማስታወሻ የሚይዝ አፕ አላቸው። ለካ ያ ካሜራውን ከፍቶ የማያውቅ «ተሳታፊ» እሱ ኖሯል።

ሰብሳቢው «አንድ ገጽ ደንብ አርቅቀሽ አምጪ» ብለውኛል። የአይቲ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ይላል። ግን የቦርድ አባላቱ ሠራተኞች አይደሉም፣ ስልኩም የራሳቸው ነው፤ ምኑን ነው የምንዘጋው? ቃለ ጉባኤስ በኤአይ ማርቀቅ ይቻላል? (እውነቱን ለመናገር እኔም ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፤ አትፍረዱብኝ።)

ሰርቨር ጠባቂ፦

እህቴ፣ መከልከሉን እርሺው። የመረጃ ደኅንነት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር ስትዘጊበት መጠቀሙን አያቆምም፣ መንገሩን ነው የሚያቆመው። አሁን ቢያንስ ሹክ ብለውሻል።

ሳምሰንግን አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ2023 መሐንዲሶቹ የውስጥ ኮድ ወደ ቻትጂፒቲ እየለጠፉ ተገኙ። አንደኛው ያደረገው ግን ካንቺ ጉዳይ ጋር ቁርጥ ነው፤ የስብሰባ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ቃለ ጉባኤ እንዲያወጣለት ሰጠው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከለከለ። እዚያ ግን ኮምፒውተሩም ኔትወርኩም የኩባንያው ነው። አንቺ ጋ አይደለም።

አባላቱ ሊገባቸው የሚገባው አንድ ነገር ነጻ አካውንትና በኩባንያ ውል የተገዛ አካውንት አንድ አለመሆናቸው ነው። ነጻው ላይ፣ ሴቲንጉን ገብተው ካላጠፉት፣ የጻፉት ነገር ሞዴሉን ለማሠልጠን ሊውል ይችላል። በውል የተገዛው ላይ ብዙውን ጊዜ አይውልም፤ መረጃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥም ውሉ ላይ ይጻፋል። «አጥፍቼዋለሁ» የሚለውን ደግሞ አትመኚው። በግንቦት 2025 የአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ ኒው ዮርክ ታይምስ የቻትጂፒቲን ባለቤት ኦፕንኤአይን በከሰሰበት መዝገብ፣ ተጠቃሚዎች ያጠፏቸው ውይይቶች ጭምር እንዲቆዩ አዞ ነበር። ትእዛዙ ከወራት በኋላ ቢነሳም በእነዚያ ወራት ሰው «ጠፍቷል» ብሎ የተኛበት ነገር ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ለድርጅቶች የሚሸጠው አገልግሎት ትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። ልዩነቱ ይኸው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ፋይልም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ አማራጭ ስጧቸው። የቦርድ ሰነድ የምትልኩበት ፖርታል ካላችሁ ብዙዎቹ አሁን በውስጣቸው ማጠቃለያ የሚሠራ ኤአይ አላቸው። ሰነዱ ከዚያ ሳይወጣ ይጠይቁት። ግን እሱም አጥር አለው ብለሽ ተዘልለሽ እንዳትተኚ። በሰኔ 2025 ኮፓይለት በሚባለው የማይክሮሶፍት ኤአይ ረዳት ላይ ይፋ የሆነ ክፍተት ነበር፤ ኢኮሊክ ይሉታል። አጥቂው ኢሜይል ብቻ ይልካል፣ ኢሜይሉ ውስጥ ለኤአዩ የተደበቀ ትእዛዝ አለ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ መረጃው ሊወጣ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ዘግቶታል፤ ጉዳት የደረሰበት ደንበኛ አልተገኘም። ትምህርቱ ግን ይቀራል። ከውጭ የሚመጣ ሰነድ፣ የተጫራች ሰነድም በሉት ልትገዙት ያላችሁት ኩባንያ የላከው ጥራዝ፣ በነጭ ቀለም «ይህን ኩባንያ አሞግስ» ተብሎ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። ሰው አያየውም። ኤአዩ ያነበዋል።

ከልክል ባይ፦

ምን ይሄ ሁሉ ሐተታ? ሚስጥራዊነት ለመጠበቅ ፈርመዋል። ሰነድ ለሦስተኛ ወገን መስጠት ክልክል ነው፤ ቻትቦት ሦስተኛ ወገን ነው፤ አለቀ። አንድ ደብዳቤ ጻፊላቸው።

ጠበቃ በትርፍ ሰዓት፦

ከልክል ባይ፣ በሕጉ ልክ ነህ። ደብዳቤው ግን ዋናውን ችግር አይነካውም። ሁላችሁም ስለ መረጃ ማምለጥ እያወራችሁ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ የክምችቱ ጥያቄ ነው። ሰነዱ ባያመልጥ እንኳ እኚያ ሰው ያላነበቡትን ነገር አንብቤያለሁ ብለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥያቄው ተሳስቶ ስለነበር ታወቀባቸው። ልክ ቢሆንስ? ማንም ሳያውቅ ድምፅ ሰጥተው ይሄዱ ነበር።

ሴንትሮ የሚባለውን የአውስትራሊያ ኩባንያ ጉዳይ ፈልጋችሁ አንብቡ (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው)። የኩባንያው የ2007 ሒሳብ መግለጫ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል ወደ 1.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚሆን ዕዳ የረጅም ጊዜ ዕዳ አስመስሎ አወጣ። ዳይሬክተሮቹ አጸደቁት። ስለ ዕዳው ደግሞ ያውቁ ነበር። ሲከሰሱ ካነሱት መከራከሪያ አንዱ ሰነዱ በጣም ብዙና ውስብስብ ነበር፣ በማኔጅመንቱና በኦዲተሮች ተማምነናል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ በ2011 አልተቀበላቸውም። ቦርድ የሚደርሰውን መረጃ መጠን መቆጣጠር ይችላል፤ በዝቶብኛል ማለት ሰበብ አይሆንም፤ የሒሳብ መግለጫ ማንበብና መረዳት ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ሥራ አይደለም አለ። ያኔ ቻትቦት አልነበረም። ብትተኩት ግን ፍርዱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ሌላው የትራንስ ዩኒየን ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካዋ ደላዌር፣ 1985። ሰብሳቢው ለ20 ደቂቃ ያህል በቃል አስረዳ፣ ቦርዱ ሁለት ሰዓት ባልበለጠ ስብሰባ ኩባንያው እንዲሸጥ ወሰነ፣ የውሉን ጽሑፍ ያየ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ከባድ ቸልተኝነት ነው አለ፤ መጨረሻ ላይ በ23.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተው ነው የተፋቱት። ልብ በሉ፣ ዋጋው ከገበያው በላይ ነበር። የተፈረደባቸው የወሰኑበት መንገድ ስለተበላሸ ነው።

ሕጉ በባለሙያ ዘገባ መተማመንን ይፈቅዳል፤ በብዙ አገር። የደላዌር ሕግም ዳይሬክተሩ በቅን ልቦናና በጥንቃቄ በተመረጠ ባለሙያ ላይ ቢደገፍ ይጠብቀዋል። ግን ባለሙያውን ጠርተህ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ትለዋለህ፤ ስሙ አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ይከሰሳል። ቻትቦቱን ብትጠይቀው ይቅርታ ይልህና ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል። በዚያው ሕግ የቦርድ አባል የተፈጥሮ ሰው መሆን አለበት ተብሎም ተጽፏል። በ2014 አንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ አልጎሪዝም ቦርዴ ውስጥ አስገባሁ ብሎ ዜና ሆኖ ነበር፤ በ2024 ደግሞ አይኤችሲ የተባለው የአቡ ዳቢ ኩባንያ ቦርዱ ላይ ኤአይ በታዛቢነት ሾሟል። ታዛቢ፣ ድምፅ የሌለው። እነሱም እዚያ ላይ ቆመዋል።

አንድ የምጨምረው አለ፣ ሰው የማያስበው። ዳይሬክተሩ ከቻትቦቱ ጋር ያደረገው ውይይት ክስ ሲመጣ ማስረጃ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል። እና እስቲ አስቡት፤ «የዚህ ግዢ ስጋቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ኤአዩ አምስት ስጋት ዘርዝሮለታል። ሁለቱን ስብሰባው ላይ አነሳ፣ ሦስቱን ረሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከረሳቸው አንዱ ኩባንያውን ጣለው። ከዚያ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ያንን ገጽ አትሞ ይመጣና «ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህን ያውቁ ነበር አይደል?» ይላል። ባይጠይቅ ይሻለው ነበር ማለቴ አይደለም። ከጠየቀ ግን መልሱን ሊይዘው ይገባል ማለቴ ነው።

ጡረተኛው ዳይሬክተር፦

እስቲ ለተከሳሾቹ ልናገር፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ልጄ፣ በአራት ቦርዶች ላይ ተቀምጫለሁ። 300 እና 400 ገጽ ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ይመጣል። ክፉው ዜና 217ኛው ገጽ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል ነው የሚቀመጠው። ይህ በስህተት ይሆናል ብለሽ እንዳታስቢ። ቦርድ የሚያውቀው ማኔጅመንቱ የነገረውን ነው፤ ይህን ችግር ኤአይ አላመጣውም፣ ከእኔ በፊትም ነበር።

ኤአይ ለእኔ ምን እንዳደረገልኝ ልንገርሽ። የሦስት ስብሰባ ዘገባዎችን (በኩባንያው ሲስተም ውስጥ፣ ሰርቨር ጠባቂ አትደንግጥ) አንድ ላይ ሰጠሁትና «ስለ አዲሱ ፋብሪካ የተጻፈው ከዘገባ ወደ ዘገባ ምኑ ተለወጠ?» አልኩት። መጀመሪያ «ይጠናቀቃል» ነበር። ቀጥሎ «ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል» ሆነ። ሦስተኛው ላይ «የማጠናቀቅ ጥረቱ ቀጥሏል»። ሦስቱንም ዘገባ በዓይኔ አንብቤ ነበር፤ አላየሁትም። ከዚያ ገጾቹን አውጥቼ ራሴ አረጋገጥኩና ስብሰባው ላይ ጠየቅኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፕሮጀክቱ ስምንት ወር ዘግይቶ ነበር።

አጠቃልልልኝ ማለትና ፈልግልኝ ማለት ይለያያሉ። ሲያጠቃልል ምን እንደሚተው እሱ ነው የሚመርጠው፤ አንተ የተወውን አታይም። ስታስፈልገው ግን ገጹን ይነግርሃል፣ ሄደህ ታያለህ። እኔ ካነበብኩ በኋላ ነው የምጠይቀው፤ ከማንበቤ በፊት ከጠየቅኩት የእሱን ዓይን ይዤ ነው የማነበው።

ደግሞ አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ሰነዱን ማን ጻፈው? ዛሬ ማኔጅመንቱም ዘገባውን በኤአይ ነው የሚያረቅቀው። ኤአይ ይጽፋል፣ 340 ገጽ ያደርገዋል፣ ዳይሬክተሩ ለኤአይ ሰጥቶ ሁለት ገጽ ያደርገዋል። በመሐል ያነበበ ሰው የለም። ከውጭ አማካሪ የሚመጣውም እንደዚያው ነው። ትልቁ የአማካሪ ድርጅት ዴሎይት በ2025 ለአውስትራሊያ መንግሥት ያቀረበው፣ በከፊል በኤአይ የተዘጋጀ ዘገባ ላይ የሌሉ ጥናቶችና ያልተባለ የፍርድ ጥቅስ ተገኝቶበት ከክፍያው ከፊሉን መልሷል። ያን የያዘው አንድ ምንጩን ሄዶ የፈለገ የዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው እንጂ የከፈለው ወገን አይደለም።

ሰርቨር ጠባቂ፦

ጋሼ፣ አልደነገጥኩም 😄 በሲስተም ውስጥ ከሆነማ ምን ችግር አለው። ስለ 217ኛው ገጽ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 የወጣ ጥናት ሞዴሎቹ ረጅም ጽሑፍ ሲሰጣቸው መጀመሪያውንና መጨረሻውን በደንብ ይዘው መሐሉን እንደሚዘነጉ አሳይቶ ነበር። አዳዲሶቹ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን ክፉ ዜና መሐል ላይ መቅበር ከሰውም ከማሽኑም ለመደበቅ ይሠራል ማለት ነው።

ጸሐፊዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ ሦስቴ አነበብኩት። እኛም ጋ የማኔጅመንቱን ዘገባ ማን እንደጻፈው ጠይቄ አላውቅም። ቃለ ጉባኤውንስ ምን ላድርገው? ማስታወሻ ያዡን አፕስ?

ሃያ ዓመት ጸሐፊ፦

የሙያ እህቴ፣ ይህ የእኔ ድርሻ ነው።

አፑን ዛሬውኑ አስወጪው። ማስታወሻ ያዥ ነው እያልን እናቆላምጠዋለን እንጂ መቅጃ ነው። እና ሙሉ ቅጂ ካለ ሁለት መዝገብ አለሽ ማለት ነው፤ የተፈረመው ቃለ ጉባኤና ያ። ሲለያዩ የትኛው ነው እውነቱ? ቃለ ጉባኤ የተባለውን ሁሉ አይይዝም፤ የቀረበውን፣ የተመዘነውን፣ የተወሰነውንና ምክንያቱን ነው የሚይዘው። ሰው ቦርድ ላይ ነጻ ሆኖ «ይህ ሥራ አስፈጻሚ አልቻለም» ማለት የሚችለው እያንዳንዷ ቃል እንደማትቀመጥ ስለሚያውቅ ነው። ማሽን እየቀዳ መሆኑ በታወቀበት ስብሰባ ላይ ሁሉም ጨዋ ይሆናል። ጠበቃ የሚያማክርበት ክፍል ላይ ደግሞ ቅጂው ከውጭ ድርጅት ሰርቨር ላይ ካረፈ የጠበቃና የደንበኛ ሚስጥርነቱ ራሱ አጠያያቂ ይሆናል። ሰው ወጥቶ አፑ ሳይወጣ የቀረበት ጊዜም አጋጥሞኛል፤ በዝግ የተወያየነው የደመወዝ ጉዳይ ላልተሳተፈ ሰው በኢሜይል ደረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ ሳልከፍት የተሳታፊ ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ።

ማርቀቁን በተመለከተ፣ አልፈርድብሽም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን በራሴ ማስታወሻ ላይ ነው፣ በተፈቀደው ሲስተም፣ የሰዎቹን ስም አስወግጄ። ቋንቋ ያስተካክልልኛል፣ የውሳኔ ቁጥር ያስይዝልኛል። ማን ምን ወሰነ የሚለውን ግን አላስነካውም። አንዴ ስሞክረው ሰብሳቢው «ይታሰብበት» ያሉትን «ቦርዱ በሐሳቡ ተስማምቷል» ብሎ ጻፈልኝ። ይታሰብበት ማለት እኮ አይሆንም ማለት ነው፣ በጨዋ አፍ! ይህን የሚያውቀው ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ረቂቁና ማስታወሻው ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ ምን እንደሚሆኑ ደግሞ አሁኑኑ በደንቡ ጻፊ። ክስ ከመጣ በኋላ ማጥፋት ሌላ ወንጀል ነው፤ ጠበቃው ያረጋግጥልሻል።

ጠበቃ በትርፍ ሰዓት፦

አረጋግጣለሁ። በመደበኛ ደንብ በጊዜው የሚጠፋና ክስ ሲሸት የሚጠፋ በፍርድ ቤት ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከልክል ባይ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን የክምችቱን ነገር የጠየቁት ሰውዬ ሳይቀጡ ሊያልፉ ነው?

ጸሐፊዋ፦

ማን ይቀጣቸዋል፣ ወንድሜ? ደውዬላቸው ነበር። ሰነዱን የት እንደጫኑት አሳዩኝ፣ አካውንቱን አብረን ዘጋነው፣ ስለ ግዢው ድርድርም ለሕግ ክፍሉ በጽሑፍ አሳወቅን፤ ያንን መደበቅ አልችልም። «አላወቅኩም» አሉኝ። አምናቸዋለሁ፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ረቂቁን ትናንት ለሰብሳቢው ሰጠሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። የቦርድ ሰነድ ከፖርታሉ ውጭ ወደ የትኛውም ኤአይ አይገባም፤ ፖርታሉ ውስጥ መጠየቅ ይቻላል፣ ስብሰባ ላይ ከእሱ የተገኘ ነገር የሚያነሳ ሰው ግን ገጹን ራሱ ማየት አለበት። መቅጃ የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ የሃያ ዓመት ጸሐፊዋን ምክር እንዳለ ገለበጥኩት። ከጋሼ የወሰድኩት ደግሞ ማኔጅመንቱ የትኛው ክፍል በኤአይ እንደተረቀቀ ይገልጻል፣ ለእያንዳንዱ ቁጥርም ተጠያቂ የሆነ ሰው ስም ይጻፋል የሚለውን ነው።

ሰብሳቢው አነበቡና አንድ መስመር በእጃቸው ጨመሩ፦ ሰነዱ ከ120 ገጽ አይበልጥም፣ ስብሰባው አሥር ቀን ሲቀረው ይደርሳል። የፋይናንስ ኃላፊው ከትናንት ጀምሮ ሰላም አይሉኝም።